ሪስቶሩ አልቆ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲል፦ የፖስትግሬስ ባክአፕ፣ ባለቤትነትና መግቢያ ዝርዝር መመሪያ

የፖስትግሬስ (መረጃ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ባክአፑ አለ፣ ሪስቶሩም (ቅጂውን ወደ ዳታቤዝ መመለሱ) ሮጦ አልቋል፣ ሠንጠረዦቹም ይታያሉ። ትኬት ቆራጯ ጠዋት የመጀመሪያውን መንገደኛ ልትመዘግብ ስትል ግን ሲስተሙ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለሽም) ይላታል። ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚደረገው አፑን በዋናው በ«ፖስትግሬስ» ዩዘር ማገናኘት ነው። ይሠራል። ችግሩ ግን ተቀበረ እንጂ አልተፈታም፤ በሚቀጥለው ሪስቶር ብሶበት ይመጣል።

የችግሩ ሥር አንድ ነው፦ የዳምፕ ፋይል (የዳታቤዙ ቅጂ የሚወጣበት ፋይል) የባለቤቶቹን ስም ይይዛል እንጂ ባለቤቶቹን አይዝም። ሮሎች፣ ማለትም ዩዘሮች፣ የሚኖሩት በሰርቨሩ ደረጃ ነው። ዳምፑን የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ፒጂ_ዳምፕ፣ የሚቀዳው ደግሞ አንድ ዳታቤዝ ብቻ። ፋይሉ አዲሱ ሰርቨር ላይ ደርሶ «ይህ ሠንጠረዥ የእገሌ ነው» ሲል እገሌ የሚባል ሰው እዚያ የለም። ስለዚህ ሰዎቹ ቀድመው ይገባሉ፣ ዕቃው ይከተላል።

ለምሳሌ ባህር ዳር ላይ ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ያለ ቢሮ እንውሰድ። የዘጌን፣ የክብራን ገብርኤልንና የደብረ ማርያምን ጉዞ የሚመዘግብ «ጣና» የሚባል ዳታቤዝ አለው። ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲስ ሰርቨር ሊዛወር ነው፤ ሁለቱም ኡቡንቱ ናቸው። ሦስት ሮሎች አሉ፦ የሠንጠረዦቹ ባለቤት «ጣና_ባለቤት»፣ አፑ የሚገባበት «ትኬት»፣ ባክአፕ የሚወስደው «ቅጂ»።

ትእዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል። ተርሚናል ላይ በትናንሽ የላቲን ፊደላት ጻፏቸው፤ ሰረዙንና ሌላውን ምልክት እንዳለ ውሰዱት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሁለቱንም ሰርቨሮች ቨርዥን እዩ። ፒጂ_ዳምፕ ከራሱ አዲስ የሆነን ሰርቨር አይቀዳም፤ የቨርዥን አለመጣጣም ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ዳምፑን በአዲሱ ቨርዥን ፒጂ_ዳምፕ ውሰዱ። በተለይ ከ15 በታች ካለ ቨርዥን ወደ 15 ወይም ከዚያ በላይ የምትሄዱ ከሆነ «ፐብሊክ» የሚባለውን ስኪማ (ሠንጠረዦች የሚቀመጡበትን የዳታቤዝ ክፍል) የሚመለከተውን ማስጠንቀቂያ ደረጃ 5 ላይ ሳታነቡ አትለፉ።

ሥራውን የመጨረሻዋ ጀልባ ገብታ ትኬት መሸጥ ካቆመ በኋላ ጀምሩ፤ አፑንም አቁሙት። ዳምፕ ከተጀመረ በኋላ የተመዘገበ ትኬት ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ላፕቶፕ ተጠቀሙ፤ መብራት መሃል ላይ ከሄደ ምን እንደሚሆን ደረጃ 3 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ማን የምን ባለቤት እንደሆነ መዝግቡ

አሮጌው ሰርቨር ላይ ፒኤስኪውኤል (ለፖስትግሬስ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ግቡና እነዚህን አስኬዱ፦

\ዲዩ — ሮሎቹን ያሳያል
\ኤል — ዳታቤዞችንና ባለቤቶቻቸውን
\ዲቲ — ሠንጠረዦችንና ባለቤቶቻቸውን
\ዲፒ — ለማን ምን እንደተፈቀደ
\ዲኤክስ — የተጫኑ ኤክስቴንሽኖችን (ተጨማሪ ክፍሎችን)

ውጤቱን ፋይል ላይ ገልብጡት። ነገ ስትከራከሩ የምትመለሱበት ይህ ነው። ሠንጠረዦቹ የሦስት አራት ሰው ንብረት ሆነው ካገኛችኋቸው አትደንግጡ፤ ፕሮግራመር በተቀየረ ቁጥር በራሱ ስም ሠንጠረዥ ሲፈጥር የሚመጣ ነው። ከመዛወሩ በፊት እዚያው አስተካክሉት፦

ሪአሳይን ኦውንድ ባይ አሮጌ_ስም ቱ ጣና_ባለቤት;

ይህ የሚሠራው በገባችሁበት ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ዳታቤዝ ካላችሁ ሁለት ጊዜ አስኬዱት። ባለቤቱ ራሱ «ፖስትግሬስ» ከሆነ ደግሞ እምቢ ይላል፤ መፍትሔው ከታች «ሲበላሽ» በሚለው ክፍል አለ።

ደረጃ 2፦ ሮሎቹን ለብቻ አውጡ

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒጂ_ዳምፕኦል --ሮልስ-ኦንሊ > ሮሎች.ኤስኪውኤል

ይህ ፋይል የሮሎቹን ስምና የተመሰጠረ ፓስወርዳቸውን ይይዛል። ፓስወርዱ በግልጽ ባይታይም ፋይሉን እንደ ቁልፍ ቁጠሩት፤ ወዲያው ሲኤችሞድ 600 አድርጉት (ከእናንተ በቀር ሌላ ዩዘር እንዳያነበው)፣ በቴሌግራምም አትላኩት።

አሁን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱና «ክሪኤት ሮል ፖስትግሬስ» እና «ኦልተር ሮል ፖስትግሬስ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ሰርዙ። የመጀመሪያው ቢቀር ጉዳት የለውም፤ «አለ» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ግን የአዲሱን ሰርቨር የዋና ዩዘር ፓስወርድ በአሮጌው ይተካዋል። ትናንት ያወጣችሁት ፓስወርድ ዛሬ አልገባም የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቢሮውን የለቀቁ ሠራተኞችንም ሮል አብራችሁ ሰርዙ። ሰው ወጥቶ ስሙ ሰርቨር ላይ የቀረበት ቢሮ ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ዳምፑን ውሰዱ

ፎርማቱን «ከስተም» አድርጉት። በተራ ጽሑፍ የወጣ ዳምፕ ላይ «ባለቤቱን ተወው» ማለት የሚቻለው ሲወጣ ብቻ ነው። ከስተም ከሆነ ግን ሪስቶር ስታደርጉ መወሰን ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ሲወጣ ምንም አትቀንሱ።

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒጂ_ዳምፕ --ፎርማት=ከስተም ጣና > ጣና.ዳምፕ

የ«>» ምልክቷን ልብ በሉ። በእሷ ስትጽፉ ፋይሉን የሚከፍተው የእናንተ ዩዘር ነው፤ ፋይሉም የእናንተ ይሆናል። በ«--ፋይል=» ከጻፋችሁ የሚከፍተው «ፖስትግሬስ» የሚባለው የሊኑክስ ዩዘር ነው። እሱ ደግሞ የእናንተ ሆም ፎልደር ውስጥ መጻፍ ስለማይችል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ይህ የዳታቤዝ ፈቃድ ሳይሆን የፋይል ፈቃድ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚናገሩ ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ግራንት ሲያደርግ (ፈቃድ ሲሰጥ) ይውላል።

ዳምፑ ሲያልቅ ሁለት ነገር ፈትሹ። መጀመሪያ ዝርዝሩን፦

ፒጂ_ሪስቶር --ሊስት ጣና.ዳምፕ

እያንዳንዱ መስመር በቁጥር ይጀምራል፤ ከዚያ ዓይነቱ፣ ስኪማው፣ ስሙ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ባለቤቱ ነው። ዓይናችሁን በመጨረሻው ቃል ላይ ብቻ እየጣላችሁ ውረዱ። አዲሱ ሰርቨር ላይ መኖር ያለባቸው ሮሎች እነዚህ ናቸው፤ በተጨማሪም በደረጃ 1 \ዲፒ ላይ ፈቃድ እንዳላቸው ያያችኋቸው።

ዝርዝሩ ስለተነበበ ግን ፋይሉ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ከስተም ፎርማት ማውጫውን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ሄዶ በግማሽ የቀረ ፋይልም ዝርዝሩን ሊያሳይ ይችላል። ሙሉውን የሚያነበው ይህ ነው፦

ፒጂ_ሪስቶር --ፋይል=/ዴቭ/ነል ጣና.ዳምፕ

ኤረር ሳይሰጥ ከተመለሰ ፋይሉ እስከ መጨረሻው ይነበባል።

ደረጃ 4፦ ፋይሎቹን አሻግሩ

በኔትወርክ ፋይል የሚያሻግረው ትእዛዝ፣ ኤስሲፒ፣ ይሻላል። በፍላሽ ከሆነ ፋት32 ፎርማት ያለው ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። የፋይል ባለቤትነትና ፈቃድም አይይዝም፤ ስለዚህ አዲሱ ሰርቨር ላይ ካሳረፋችሁት በኋላ ሲኤችሞድ 600 እንደገና አድርጉ፣ ፍላሹንም አጽዱ።

ደረጃ 5፦ ሮሎቹን ትከሉ፣ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩ

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል < ሮሎች.ኤስኪውኤል

እዚህም «<» የተጠቀምነው በዚያው ምክንያት ነው፤ ፋይሉን የሚያነበው የእናንተ ዩዘር ነው። \ዲዩ ብላችሁ ደረጃ 1 ላይ ከመዘገባችሁት ጋር አስተያዩ። ሆን ብላችሁ ከሰረዛችኋቸው በስተቀር አንድ እንኳ ቢጎድል አትቀጥሉ።

ቀጥሎ ዳታቤዙን ከነባለቤቱ ፍጠሩ፦

ክሪኤት ዳታቤዝ ጣና ኦውነር ጣና_ባለቤት ቴምፕሌት ቴምፕሌት0 ኢንኮዲንግ 'ዩቲኤፍ8';

ባለቤቱን እዚህ መጥቀስ የግድ ነው። በቨርዥን 15 በአዲስ ዳታቤዝ «ፐብሊክ» ስኪማ ውስጥ ማንም እንዲፈጥር የሚፈቅደው አሮጌ ልማድ ቀርቷል፤ ስኪማው አሁን የዳታቤዙ ባለቤት ነው። ዳታቤዙን በ«ፖስትግሬስ» ስም ፈጥራችሁ በሌላ ሮል ስም ሪስቶር ካደረጋችሁ «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ስኪማ ፐብሊክ» እያለ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ኢንኮዲንጉም ይጠቀስ፤ የመንገደኞች ስም በአማርኛ ከተመዘገበ ከዩቲኤፍ8 ውጭ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ሪስቶር

መንገዱ ሁለት ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ሀ. የሮሎቹ ስም ካልተቀየረ። አብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒጂ_ሪስቶር --ኤግዚት-ኦን-ኤረር --ዲቢኔም=ጣና < ጣና.ዳምፕ

ዋናው ዩዘር ስለሆነ እያንዳንዱን ሠንጠረዥ ፈጥሮ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ፈቃዶቹንም ይመልሳል። «--ኤግዚት-ኦን-ኤረር» ካላላችሁ ፒጂ_ሪስቶር በተፈጥሮው ስህተት እየዘለለ ይቀጥልና መጨረሻ ላይ «ይህን ያህል ስህተት ታልፏል» ይላል። ያንን መስመር ማንም አያነበውም። ቆሞ ቢጮህ ይሻላል።

ለ. ስሞቹ ከተቀየሩ ወይም ዳምፑ ከሌላ ድርጅት ከመጣ፦

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒጂ_ሪስቶር --ኖ-ኦውነር --ኖ-ፕሪቪሌጅስ --ኖ-ኮመንትስ --ሮል=ጣና_ባለቤት --ኤግዚት-ኦን-ኤረር --ዲቢኔም=ጣና < ጣና.ዳምፕ

እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው «--ኖ-ኦውነር» ብሎ «--ሮል» ሲረሳ ነው። ያኔ የሁሉም ነገር ባለቤት የገባው ዩዘር፣ ማለትም «ፖስትግሬስ» ይሆናል። ኤክስቴንሽኖችን ደግሞ ከዚህ ትእዛዝ በፊት በ«ፖስትግሬስ» ስም ጫኑ፤ አንዳንዶቹን ተራ ሮል መጫን አይችልም። «--ኖ-ኮመንትስ» የገባችው የኤክስቴንሽን ማብራሪያ ለመጻፍ የኤክስቴንሽኑ ባለቤት መሆን ስለሚጠየቅ ነው፤ ያለ እሷ በዚህች ተራ ነገር ሪስቶሩ ይቆማል። የራሳችሁ ማብራሪያዎች አብረው እንደሚቀሩ ግን እወቁ።

በ«ለ» መንገድ ከሄዳችሁ ፈቃዶቹን በእጃችሁ ስጡ፦

ግራንት ሴሌክት, ኢንሰርት, አፕዴት, ዲሊት ኦን ኦል ቴብልስ ኢን ስኪማ ፐብሊክ ቱ ትኬት;
ግራንት ዩሴጅ, ሴሌክት ኦን ኦል ሲክዌንስስ ኢን ስኪማ ፐብሊክ ቱ ትኬት;

ሁለተኛዋ መስመር፣ ተራ ቁጥር የሚሰጡትን ሲክዌንሶች የምትመለከተው፣ ተረስታ የምትቀር ናት። ስትረሳ አፑ ይከፈታል፣ የቆየው ትኬት ሁሉ ይታያል፤ አዲስ ትኬት ሲቆረጥ ብቻ «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ሲክዌንስ» ይመጣል።

እነዚህ ሁለቱ የሚመለከቱት አሁን ያለውን ብቻ ነው። ነገ ለሚፈጠር ሠንጠረዥ «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ ፎር ሮል ጣና_ባለቤት» ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ ጨምሩ። «ፎር ሮል» የምትለው ካልተጻፈች ደንቡ ትእዛዙን ያስገባው ሰው ለሚፈጥረው ብቻ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ መጨረሻ ላይ «አናላይዝ;» ብላችሁ አስኬዱ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን ፍለጋ ይንቀራፈፋል።

ደረጃ 7፦ በሩን አስተካክሉ

ዕቃው ገብቷል፤ አሁን ማን በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ደንቡ ያለው ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ በሚባለው ፋይል ነው። ቦታውን «ሾው ኤችቢኤ_ፋይል;» ይነግራችኋል።

ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይፈርዳል። ያ መስመር ፓስወርድ አልቀበልም ካለ ወደሚቀጥለው አይወርድም። ስለዚህ የራሳችሁን መስመር ከታች ጨምራችሁ «ምንም አልተለወጠም» ካላችሁ ከላይ ያለ ሰፊ መስመር ቀድሞ ፈርዷል ማለት ነው። ለትኬት መቁረጫዎቹ ይህን ከሰፊዎቹ በላይ አስገቡ፤ የኔትወርክ ቁጥሩ የእናንተው ይሁን፦

ሆስት ጣና ትኬት 192.168.1.0/24 ስክራም-ሻ-256

ከዚያ «ሴሌክት ፒጂ_ሪሎድ_ኮንፍ();» በሉ። ፋይሉ ውስጥ የፊደል ስህተት ካለ አሮጌው ደንብ እንዳለ ይቀጥላል፤ «ፒጂ_ኤችቢኤ_ፋይል_ሩልስ» የሚለውን ቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ እይታ) ብታዩ የኤረር ዓምዱ ላይ ስህተቱን ታገኙታላችሁ።

ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አልገባም ካለ ምስጠራውን ተመልከቱ። ከቨርዥን 14 ጀምሮ አዲስ ፓስወርድ በስክራም ይመሰጠራል፤ ከአሮጌ ሰርቨር የመጣው ግን ኤምዲ5 ሊሆን ይችላል። በሩ ስክራም ብቻ የሚል ከሆነ የኤምዲ5 ፓስወርድ በፍጹም አያስገባም፣ ፊደሉ ቢሟላም። መፍትሔው በሩን ማላላት አይደለም። ፒኤስኪውኤል ውስጥ «\ፓስወርድ ትኬት» ብላችሁ ያንኑ ፓስወርድ እንደገና አስገቡት፤ በስክራም ይቀመጣል። የኤምዲ5 ፓስወርድ ያለውን ሮል ስሙን ብትለውጡም ፓስወርዱ ይጠፋል፤ ምስጠራው የተሠራው ከሮሉ ስም ጋር ተቀላቅሎ ነውና።

ደረጃ 8፦ በአፑ ስም ሞክሩ

በ«ፖስትግሬስ» ገብቶ «ይሠራል» ማለት ምንም አያሳይም፤ እሱ ፈቃድ አይጠየቅም። ከትኬት መቁረጫው ኮምፒውተር፣ በ«ትኬት» ስም፣ በኔትወርክ ግቡ። «ቢጊን;» በሉ፣ አንድ ትኬት አስገቡ፣ አንዱን አርሙ፣ «ሮልባክ;» ብላችሁ ውጡ። የገባው ይመለሳል፤ የሲክዌንሱ ቁጥር ግን አይመለስም። የትኬት ቁጥር ከዚያ የሚመጣ ከሆነ አንድ ቁጥር ይዘላል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሳትጠይቅ ቀድማችሁ ንገሯት።

ደረጃ 9፦ የሌሊቱ ባክአፕ

ለባክአፕ ዋናውን ዩዘር አትጠቀሙ። ከቨርዥን 14 ጀምሮ «ፒጂ_ሪድ_ኦል_ዳታ» የሚባል የተዘጋጀ ሮል አለ፤ እሱን ለ«ቅጂ» ስጡት። ሁሉን ያነባል፣ ምንም አይነካም።

ፓስወርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፉ። ባክአፑን በሚያስኬደው የሊኑክስ ዩዘር ሆም ፎልደር ውስጥ «.ፒጂፓስ» የሚባል ፋይል ፍጠሩ፤ አንድ መስመር ይበቃል፦

ሎካልሆስት:5432:ጣና:ቅጂ:ፓስወርዱ

ሲኤችሞድ 0600 አድርጉት። ፈቃዱ ከዚህ ከሰፋ ፋይሉ እንደሌለ ተቆጥሮ ይታለፋል። ፓስወርዱ ውስጥ ሁለት ነጥብ ካለ ከፊቱ የኋላ ስላሽ ይግባ። ፒጂ_ዳምፕ ላይ «--ሆስት=ሎካልሆስት» እና «--ኖ-ፓስወርድ» ጨምሩ፤ ሁለተኛው ፓስወርድ ሳያገኝ ሲቀር እስኪሰጠው ከመጠበቅ ይልቅ ወድቆ እንዲወጣ ያደርገዋል። ፋይሉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፉ፤ ትእዛዙ በሰላም ካለቀ ብቻ ስሙን ቀይሩ። መብራት የቆረጠው ፋይል የትናንቱን እንዳይተካ ነው።

ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ትእዛዝ የሚያስኬድ የሊኑክስ ፕሮግራም) ላይ ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በክሮን 2 ነው። 8 ብላችሁ ከሞላችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ልክ ጀልባ ሲሞላ ይነሳል። የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ ከሆነ ደግሞ 23 ይሆናል። የቀን ስም ስትሰጡም ክሮን መስመር ውስጥ የፐርሰንት ምልክት ከፊቱ የኋላ ስላሽ ይፈልጋል።

ሲበላሽ

«ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ»፦ ፓስወርዱ አልተጠየቀም ማለት ነው። በሶኬት (በኔትወርክ ሳይሆን በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ) ገብታችኋል፤ የሊኑክስ ስማችሁና የሮሉ ስም አልተመሳሰለም። «--ሆስት=ሎካልሆስት» ጨምሩ።

«ኖ ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ኤንትሪ»፦ የሚገጥም መስመር የለም። መልእክቱ ውስጥ የተጻፈውን አይፒ፣ ዩዘርና ዳታቤዝ እንዳለ ወደ ደረጃ 7 ውሰዱት።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»፦ ይህ የመግቢያ ችግር አይደለም። ሰርቨሩ አልተነሳም ወይም በኔትወርክ አያዳምጥም። «ሊስን_አድሬስስ» ሳይነካ ሎካልሆስት ብቻ ነው፤ ከቀየራችሁት ሪሎድ አይበቃም፣ ሪስታርት ያስፈልጋል።

«ሮል ... ዳዝ ኖት ኤግዚስት»፦ ደረጃ 5 ተዘሏል። ዳታቤዙን ጣሉ፣ ሮሉን ፍጠሩ፣ እንደገና ሪስቶር አድርጉ። በግማሽ የገባውን ለመጠገን አትድከሙ።

ሁሉም የ«ፖስትግሬስ» ንብረት ሆኖ ከቀረ፦ ሪአሳይን ኦውንድ እዚህ አይሠራም፤ ሲስተሙ ራሱ የሚቆምበት ሮል ስለሆነ ይከለክላል። አዲስ ትኬት ካልገባበት ዳታቤዙን ጥላችሁ በ«--ሮል» ድገሙት። ከገባበት «ኦልተር ቴብል ... ኦውነር ቱ ጣና_ባለቤት;» እያላችሁ ለየሠንጠረዡ ቀይሩ። ኢንዴክሶቹና ከዓምድ ጋር የተያያዙ ሲክዌንሶች አብረው ይሄዳሉ፤ ቪውና ፈንክሽን ግን ለየብቻ ይፈልጋሉ።

ዳምፑ «ሮው-ሌቭል ሴኩሪቲ ፖሊሲ» ብሎ ከቆመ፦ «ቅጂ» ሁሉንም ረድፍ ማየት አልተፈቀደለትም። «ባይፓስአርኤልኤስ» የሚባለውን መብት ስጡት። «--ኢነብል-ሮው-ሴኩሪቲ» ብላችሁ አትለፉት፤ ኤረሩ ይጠፋል፣ ግን የሚቀዳው ለ«ቅጂ» የሚታየው ረድፍ ብቻ ነው።

የ«ፖስትግሬስ» ፓስወርድ ከጠፋ፦ መጀመሪያ ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል ሞክሩ፤ ኡቡንቱ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያለ ፓስወርድ ያስገባል። እምቢ ካለ ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ውስጥ «ሎካል» የሚለውን የፖስትግሬስን መስመር ብቻ ወደ «ትረስት» (ያለ ፓስወርድ አስገባ) ቀይሩ፣ በሲስተምሲቲኤል ሪሎድ አድርጉ፣ ገብታችሁ «\ፓስወርድ» በሉ፣ መስመሩን መልሱ፣ እንደገና ሪሎድ። «ሆስት» የሚሉትን መስመሮች ለደቂቃም ቢሆን ትረስት አታድርጉ።

የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጣችሁ ሰርቨሩ አልነሳም ካለ፦ መጀመሪያ የተገለበጠው ሰርቨሩ ቆሞ መሆኑን አረጋግጡ፤ እየሠራ የተገለበጠ ፎልደር አይታመንም። ቆሞ ከነበረ ባለቤቱን በሲኤችኦን ከነውስጡ ወደ «ፖስትግሬስ» መልሱ፣ የላይኛውን ፎልደር ፈቃድ 0700 አድርጉ። ይህ መንገድ የሚያገለግለው ዋና ቨርዥኑ አንድ ሲሆን ብቻ ነው።